ጓሮ ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ስለማከራየት፦ ፈቃዱ፣ ካርታውና የኪራይ ውሉ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ቀበና አካባቢ፣ አባቴ በተወልን ነባር ይዞታ ላይ ከእናቴ ጋር ነው። ጊቢያችን 210 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ከዋናው ቤት በስተጀርባ ጣሪያው የወደቀ አሮጌ የጭቃ ማድ ቤት አለ። ይህን አፍርሰን ሁለት ክፍል፣ መጸዳጃና አነስተኛ ማብሰያ ያለው የብሎኬት ሰርቪስ ቤት ሠርተን ለማከራየት አስበናል፤ የእናቴ ጡረታ ለመድኃኒቷ እንኳ አልበቃ ብሏልና።

ካርታው እስካሁን ከአራት ዓመት በፊት ባረፈው አባቴ ስም ነው። ሁለት እህቶች አሉኝ፤ አንደኛዋ የምትኖረው ውጭ አገር ነው። አንድ ግንበኛ «እድሳት ነው በሉ እንጂ ፈቃድ አትጠይቁ፤ በሦስት ሳምንት ጨርሼ አስረክባችኋለሁ» ብሎናል። እናቴ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየችውን ስላልረሳች፣ ተከራይ ማስገባት ቤቱን እንዳያሳጣን ትሰጋለች። ፈቃድ የግድ ያስፈልጋልን? ተከራይ ከገባ በኋላስ ምን ግዴታ ይመጣብናል?

መልስ፣ ከአንድ የግንባታ መሐንዲስ

ግንበኛው የመከረዎትን እባክዎ አይቀበሉት። እድሳት ማለት ያለውን ቤት መጠገን ነው፤ የጭቃ ማድ ቤት አፍርሶ በብሎኬት መኖሪያ መሥራት ግን አዲስ ግንባታ ነው፤ ማፍረሱም ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምደባ መሠረት፣ ፎቅ የሌለውና በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባል፤ የእርስዎም ዕቅድ ይህ ነው። ከሦስቱ ምድቦች ቀላሉ ስለሆነ ዲዛይኑም ወጪውም ከባድ አይደለም። አንድ ፎቅ ልጨምር ካሉ ግን ወደ ምድብ «ለ» ይሸጋገራል፤ ያን ጊዜ የስትራክቸር ስሌቱ ሌላ ነው።

ዲዛይን ከማሠራትዎ በፊት የፕላን ስምምነት ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ለዲዛይን ያወጣው ገንዘብ ይባክንበታል። የፕላን ስምምነት ቦታዎ በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበና ምን መሥራት እንደሚቻል የሚነግርዎ ሰነድ ነው፤ መሀል ከተማ ውስጥ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የመንገድ ማስፋፊያና የመልሶ ማልማት ዕቅድ ያረፈባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ቀበና ደግሞ ወንዝ ያለበት ሰፈር በመሆኑ ጊቢዎ ለወንዝ ዳርቻ የተከለለውን ቦታ የሚነካ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለብዎት። ቦታው ለሌላ ነገር የተያዘ ከሆነ አንድ ብሎኬት ሳይገዙ ቢያውቁት ይሻላል።

ፍሳሹንም አስቀድመው ያስቡበት። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁለት ቤተሰብ ሲጠቀምበት ቶሎ ይሞላል፤ መምጠጫ መኪናው እስከ ጓሮ መድረስ ካልቻለ ደግሞ በየክረምቱ የሚያስጨንቅ ችግር ይሆናል። ወደ ጎረቤት የሚያይ መስኮት አያውጡ፤ የጣሪያው ውኃም ወደ ራስዎ ጊቢ እንዲወርድ ያድርጉ።

መልስ፣ የውርስ ጉዳዮችን ከሚከታተሉ ጠበቃ

ካርታው በአባትዎ ስም እያለ ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለይዞታው ማን ነው?» የሚል ይሆናል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወስዳችሁ ስሙን ማዛወር ይቅደም። ቤቱ በትዳር ዘመን የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናትዎ ድርሻ ነው፤ በውርስ የሚተላለፈው የአባትዎ ግማሽ ብቻ ነው። እህቶችዎ ወራሾች ከሆኑ ያለ እነሱ ፈቃድ የጋራ ንብረት ላይ መገንባት አይገባዎትም፤ ፈቃዳቸውም በጽሑፍ ይሁን። የኪራዩ ገቢ ለእናትዎ ብቻ እንዲሆን ከተስማማችሁም ይኸው በዚያው ጽሑፍ ይስፈር። ወንድምና እህት በሁለት ክፍል ሰርቪስ ተጣልተው ዓመታት ሲካሰሱ አይቻለሁና ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የእናትዎ ስጋት መነሻ አለው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ከማድረጉም በላይ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ከልክሎ ነበር። ዛሬ ግን ማከራየት የተፈቀደ ነው፤ የሚመራውም በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ አስባችሁበት ተነጋገሩ፤ በኋላ እንደ ልብ አይስተካከልም። ገቢውም በሰንጠረዥ «ለ» የኪራይ ገቢ ግብር ይመለከተዋል።

መልስ፣ ከካዛንቺስ ከተነሡ ነዋሪ

እኔ ያለ ፈቃድ ሠርቼ ነበር። በጊቢዬ ውስጥ ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች ነበሩ፤ ለዓመታት ሲከራዩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ሕጋዊ የሆኑ ይመስለኝ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግና ቤቱ ሲለካ ግን ካሳ የታሰበልኝ በካርታውና በፈቃዱ ላይ ላለው ዋናው ቤት ብቻ ነው። ላቤን ያፈሰስኩባቸው ክፍሎች ምንም አልተቆጠሩም። እርስዎ ገና አልጀመሩምና ሦስት ሳምንት ለማትረፍ ብለው ይህን አያምጡ።

መልስ፣ ሰርቪስ ቤት ከሚኖር ተከራይ

በተከራይ በኩል ያለውንም ልጨምር። አራት ኪሎ አካባቢ በሰው ጊቢ ስኖር አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ ያጣላን ቆጣሪው ነው። አንድ የመብራት ቆጣሪ ለሁለት ቤት ሲሆን «ምድጃ አበዛህ»፣ «ልብስ መተኮስ አበዛህ» መባባል አይቀርም። ቢያንስ ንባቡን የሚያሳይ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን ማን እንደሚሞላ፣ የበር ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚሆን፣ ስንት ሰው እንደሚኖር በውሉ ላይ ይጻፍ። እናትዎ አብረው ስለሚኖሩ ተከራዩን ራሳቸው አይተው ቢመርጡት መልካም ነው፤ ሁለት ዓመት አንድ በር የሚጋሩት እሳቸው ናቸውና።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግንበኛውን አስቁሜዋለሁ። እናቴም የጠበቃውን መልስ ሳነብላት «ውሉ ይመዝገብ እንጂ ይሁን» ብላለች። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ውጭ ያለችው እህቴ ሳትመጣ መፈረም ትችላለች?

ጠበቃው

ትችላለች። ባለችበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ትስጥ። ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዝገብ። ውክልናው ስም ማዛወርን፣ የግንባታ ፈቃድ መጠየቅንና ማከራየትን እያንዳንዱን ለይቶ ይጥቀስ፤ «ጉዳዬን ሁሉ» በሚል ጥቅል ቃል ከመጣ እንደገና እንድትልክ ልትገደድ ትችላለች።