ክራሽ ባር በራሴ ዲዛይን ላሠራ ነው፦ ቱቦው፣ ማሰሪያው፣ ብየዳው እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ መንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጉዞ ለምጠቀምበት ሞተርሳይክል ክራሽ ባር (ሲወድቅ ሞተሩን የሚከላከል የቱቦ ብረት) ላሠራ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ነዳጅ ሞልቶ 215 ኪሎ፣ የጎን ሻንጣዎቹ ሲጫኑ ወደ 250 የሚጠጋ ነው። ፍሬሙ የብረት ቱቦ ነው፤ ሞተሩም መሃል ላይ ጎማ ሳይገባ በቀጥታ በቡሎን ታስሮበታል። ያሰብኩት ባለ 3/4 ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ በየጎኑ ሁለት ማሰሪያ፣ ሁለቱም በፊተኞቹ የሞተር ቡሎኖች ላይ። ቱቦው ይበቃል? ሁለት ማሰሪያ ያስኬዳል? ቡሎኖቹን በረዘሙ ብተካስ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ፍሬም ቤት

ማሰሪያው ይቅደም፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነው። ባሩ የውድቀቱን ኃይል አንድም ታጥፎ ይውጠዋል፣ አንድም ወደታሰረበት ቦታ ያሳልፈዋል። ሁለቱንም ማሰሪያ ሞተሩ ላይ ካደረግህ የሚያልፈው ሁሉ የሚያርፈው በሞተሩ የአሉሚኒየም ጆሮ (ቡሎኑ የሚገባበት ጎልቶ የወጣ ክፍል) ላይ ነው። በፎርም የፈሰሰ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የተጣመመ ባር በሌላ ይተካል፤ ጆሮው የተሰበረ ሞተር ግን ካልወረደና ካልተፈታ አይጠገንም።

ስለዚህ በየጎኑ ሦስት ነጥብ አድርግ። አንዱ ከታች፣ ሞተሩን ከሚሸከመው የፍሬም ቱቦ ላይ። ሁለተኛው ከፊት፣ ፍሬሙንና ሞተሩን አንድ ላይ በሚወጋው ረጅም ቡሎን ላይ፤ እዚያ ፍሬሙም ጫናውን ስለሚጋራ ሞተሩ ብቻውን አይጎዳም። ሦስተኛው ከላይ፣ ታንኩ ሥር ወይም ከመሪው አንገት አጠገብ ካለ የፍሬም ቀዳዳ። ከዚያ ግራና ቀኙን በራዲያተሩ ሥር በሚያልፍ አግዳሚ ቱቦ አገናኝ። አግዳሚው ከሌለ እያንዳንዱ ጎን 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ማንሻ ይሆንና የራሱን ማሰሪያ ይጠመዝዛል። ካለ ግን በግራ የመጣውን ጫና የቀኙ ማሰሪያም ይይዘዋል።

ቅደም ተከተሉን በዲዛይንህ አስገባው፦ መጀመሪያ ቱቦው ይታጠፍ፣ ቀጥሎ የማሰሪያው ላሜራ፣ ፍሬሙ ግን በፍጹም። ለማሰሪያ 5 ሚሜ ላሜራ በቂ ነው። 10 ሚሜ ላሜራ ብታደርግ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ደካማውን ቦታ ወደ ፍሬሙ ነው የምታዞረው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር፦ ሞተሩ በጎማ ላይ በተቀመጠ ሞተርሳይክል ላይ ባሩን ከፍሬምም ከሞተርም አንድ ላይ ማሰር አይቻልም። ሞተሩ በንዝረት ሲወዛወዝ ባሩ ሊይዘው ይሞክራል፤ ብየዳው ወይም ጆሮው ይሰነጠቃል። እንደዚያ ከሆነ ፍሬሙ ላይ ብቻ ይታሰር።

መልስ፦ ካሊፐር

የውሃ ቧንቧውን ተወው። ሲጀመር ባለ 3/4 ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 3/4 ኢንች አይደለም፤ 26.9 ሚሜ ነው። አብዛኛው ደግሞ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተሸፈነ) ስለሆነ ሲበየድ ከዚንኩ የሚነሳው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

የውጭ ስፋቱ 25.4 ሚሜ፣ ውፍረቱ 2 ሚሜ የሆነ ተራ የብረት ቱቦ ለክብደትህ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሜትር 1.15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለማነጻጸር፣ ባለ 22 በ2 ሚሜው መታጠፍን የሚቋቋመው ከዚህ በ28 በመቶ ያነሰ ነው። ባለ 25.4 በ3 ሚሜው በ33 በመቶ ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን በሜትር ወደ 1.66 ኪሎ ይወጣል። ባለ 32 በ1.5 ሚሜው ከ3 ሚሜው ጋር የሚቀራረብ ጥንካሬ በ1.13 ኪሎ ይሰጥሃል። ስፋት ከውፍረት በላይ ይጠቅማል ማለት ነው። ይሁንና ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይረገጣል፤ የተረገጠ ቱቦ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። ለዚህ ነው 25.4 በ2ን የምመርጠው።

መልስ፦ ቲግ

ክሮሞሊ (4130፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ብትጠቀምስ? በጣም ጠንካራ ነው፣ ቀጭንም ቀላልም አድርገህ ልትሠራው ትችላለህ።

መልስ፦ ፍሬም ቤት

ቲግ፣ ለውድድር ፍሬም ትክክል ነህ፤ ለዚህ ሥራ ግን አልስማማም። የክሮሞሊ ግትርነት ከተራ ብረት ጋር እኩል ነው፤ ልዩነቱ መታጠፍ የሚጀምረው በጣም ከፍ ባለ ጫና መሆኑ ነው። ያ ጫና ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍሬሙ። ሞተርሳይክሉ በ10 ሚሜ ከሚቆም በ50 ሚሜ ቢቆም አማካይ ኃይሉ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ ያንን 40 ሚሜ የሚሰጥህ ታጣፊው ብረት ነው።

መልስ፦ ዳዶና ቡሎን

ስለ ቡሎኖቹ። በረዘሙ መተካት ይቻላል፣ ግን ልኩን በግምት አታድርገው። አዲሱ ቡሎን የአሮጌው ርዝመት፣ ሲደመር የላሜራው ውፍረት፣ ሲደመር የተጨመረ ሮንዴላ ካለ ውፍረቱ። ከዚህ ቢያጥር አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው ጥርስ ያንሳል፤ ለኤም10 (10 ሚሜ ውፍረት ላለው ቡሎን) ቢያንስ 15 ሚሜ ጥርስ ይግባ። ከረዘመና ቀዳዳው ድፍን (በሌላው በኩል የማይወጣ) ከሆነ ደግሞ ጫፉ መጨረሻውን ይነካል፤ መፍቻው ጠበቀ ይልሃል፣ ቡሎኑ ግን ምንም አልጨመቀም። ይህን ለማወቅ ቀዳዳውን በካሊፐሩ ጭራ (ጥልቀት በሚለካው ቀጭን ዘንግ) ለካው።

የአሮጌው ቡሎን ራስ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 10.9 ተብሎ ከተጻፈ ደካማ በሆነው 8.8 አትተካ። ጥርሱ እስከ ራሱ የደረሰውንም አትግዛ፤ ላሜራውና ፍሬሙ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ለስላሳው የቡሎኑ አካል መዋል አለበት፣ አለዚያ ጥርሱ ላይ ይቆረጣል። ስትቀይር ከሞተሩ ሥር ክሪክና እንጨት አስገብተህ አንዱን አውጥተህ አንዱን አስገባ እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታውጣ። የማጥበቂያው ቁጥር በሞተርሳይክሉ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው፤ ውፍረቱ፣ ጥርሱና ደረጃው አንድ እስከሆነ ድረስ ስለረዘመ ብቻ አይቀየርም።

ጥያቄ፦ መንገደኛው

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ተስተካከለልኝ። የታችኛው የፍሬም ቱቦ ላይ ግን ቀዳዳ የለም። በዩ ቡሎን ልሰረው ወይስ ፍሬሙ ላይ ጆሮ ላስበይድ?

መልስ፦ ፍሬም ቤት

ሁለቱም አይሁን። ዩ ቡሎን ቱቦውን በቀጭን መስመር ስለሚጨምቀው ይረግጠዋል፣ ጫና ሲመጣም ይሽከረከራል። ፍሬም ላይ መበየድ ወይም መብሳት ደግሞ ብረቱን እዚያ ቦታ ላይ ያዳክመዋል። መጀመሪያ የሞተሩ ሥር መከላከያ ሳህን የሚታሰርበትን ቦታ እይ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ የኤም8 ጥርስ አለ። ከሌለ ሁለት ግማሽ የሆነ፣ 40 ሚሜ ርዝመት ያለው፣ ውስጡ በፍሬሙ ቱቦ ልክ የተቦረቦረ ማቀፊያ በአራት ኤም8 ቡሎን አሠራ። በሁለቱ ግማሾች መሃል 1 ሚሜ ክፍተት ይቅር፤ ተጋጥመው ከተዘጉ ቱቦውን አልያዙትም ማለት ነው።

መልስ፦ ሽቦና ጣውላ

ቱቦ ከመቁረጥህ በፊት በ6 ሚሜ የብረት ዘንግ ቅርጹን ሞተርሳይክሉ ላይ አውጣ። ከዚያ እነዚህን ፈትሽ፦

የፊት አሞርዛተሩን በገመድ ጎትተህ እስከ መጨረሻው አውርደውና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙር። ጎማው፣ የጭቃ መከላከያውና ራዲያተሩ ከአግዳሚው ቱቦ ጋር መነካካት የለባቸውም። ብዙ ሰው ሞተርሳይክሉ ቆሞ ሳለ ለክቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥ ያለ ጣውላ ከጎማው ጠርዝ እስከ እግር መርገጫው ጫፍ ዘርጋ። ባሩ ከጣውላው በላይ መሆን አለበት፤ ከጣውላው በታች ከዘለቀ ኩርባ ላይ ስትጋደል ከመርገጫው በፊት መሬት የሚነካው ባሩ ነው፤ መርገጫው በማጠፊያው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ባሩ ግን እንደዚያ አይታጠፍም፣ ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል።

ሌላ ረጅም ጣውላ ደግሞ ከባሩ ውጫዊ ጫፍ እስከ ጎን ሻንጣው፣ ቀጥሎም ከባሩ እስከ መሪው ጫፍ። የፍሪሲዮኑና የጄኔሬተሩ ክዳን ከጣውላው 40 ሚሜ ያህል ይራቅ፤ ባሩ ሲታጠፍ የሚበላው ርቀት ይኸው ነው። ከፕላስቲኩ 25 ሚሜ፣ ከሞተሩ አካል 15 ሚሜ አታሳንስ።

እግርህን አውጥተህ መሬት የምትረግጥበት ቦታም ይኑር። የዘይት ፊልትሮና የዘይት ማፍሰሻውም ባሩ ሳይፈታ የሚደረስባቸው ይሁኑ።

መልስ፦ ቲግ

የክሮሞሊውን ነገር ተቀብያለሁ። ስለማጠፍና ስለብየዳው ልጨምር።

የቧንቧ ማጠፊያ ማሽን ለቱቦ አይሆንም። የ3/4 ኢንች ፎርሙ (ቱቦው ተደግፎ የሚታጠፍበት ቅርጽ) ለ26.9 ሚሜ የተሠራ ነው፤ 25.4 ሚሜ ቱቦ ውስጡ ይላላና ሲታጠፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለቱቦ የተሠራ ፎርም ያለው ፈልግ። የኩርባው ሬዲየስ በቱቦው መሃል ሲለካ ከ75 ሚሜ አይነስ። ቱቦው የርዝመት ስፌት ካለው ስፌቱን ወደ ጎን አድርገህ እጠፍ፤ በውጭ ከሆነ ይሳባል፣ በውስጥ ከሆነ ይሸበሸባል። በእሳት የምታጥፍ ከሆነ አሸዋው ፍጹም ደረቅ ይሁን፣ ጫፎቹን በእንጨት ዝጋ እንጂ አትበይዳቸው፤ እርጥበት ያለበት አሸዋ ሲግል በእንፋሎት ይፈነዳል።

የቱቦውን ጫፍ ደብድቦ አጠፍጥፎ መብሳት የተለመደ ነው፤ አታድርገው። ጠፍጣፋውና ክቡ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ በንዝረት ይሰነጠቃል። ጫፉን በመጋዝ 30 ሚሜ ሰንጥቀህ 5 ሚሜውን ላሜራ አስገባና በሁለቱም ጎን በይድ። ቱቦ ከቱቦ ሲገናኝ አንዱ በሌላው ክብ ልክ በሞረድ ይቆረጥ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ብየዳው አይሞላውም፣ ይበሳዋል።

ሞተርሳይክሉ ላይ በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ብቻ ያዝ፣ ሙሉውን ብየዳ አውርደህ ሥራ። ለነጥቡም ቢሆን ታንኩን አውጣ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭና የሞተሩን ኮምፒውተር ንቀል፣ የብየዳውን መሬት ገመድ እዚያው በምትበይደው ቱቦ ላይ እሰር። ገመዱ ሩቅ ከታሰረ ኃይሉ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ያልፍና ይቦረቡራቸዋል። ሙሉውን ስትበይድ የማሰሪያ ነጥቦቹን በትክክለኛ ርቀታቸው ወፍራም ብረት ላይ በቡሎን አስረህ ነው፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ነፃ ከተተወ ቀዳዳዎቹ 3 እና 4 ሚሜ ይሳሳታሉ። ያንን በጉልበት ጎትቶ በቡሎን ማሰር ማለት ባሩ ገና ሳይወድቅ የሞተሩን ጆሮ እየጎተተ ይኖራል ማለት ነው። በሚግ (ሽቦው ራሱ እየወጣ በሚበይደው ማሽን) ከሆነ 0.8 ሚሜ ሽቦ፣ ለ2 ሚሜ ግድግዳ ከ80 አምፔር ገደማ ጀምርና በቁራጭ ሞክር።

ጥያቄ፦ መንገደኛው

ተረድቻለሁ። ቀለሙስ? ፓውደር ኮት (በዱቄት ተረጭቶ በምድጃ የሚጋገር ቀለም) ላስቀባው ነበር።

መልስ፦ ዳዶና ቡሎን

ፓውደር ኮት ጥሩ ነው። ከመቀባቱ በፊት በየቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይ 5 ሚሜ ቀዳዳ ብሳ፤ ምድጃው ውስጥ የሚሞቀው አየር መውጫ ያገኛል፣ በኋላም የሚገባው ውሃ ይፈስሳል። ላሜራው ከፍሬሙ ጋር የሚጋጠምበትን ፊትና የቡሎኑ ራስ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ሙቀት በሚችል ቴፕ አስሸፍን። ቀለም በቡሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ በሳሳው ልክ ቡሎኑ ይላላል። ለዝገት እዚያ ቦታ ላይ ስስ ግሪስ ይበቃል።

ስትገጥም ሁሉንም ቡሎኖች በእጅ አስገባ፣ ከዚያ ከሞተሩ ጀምረህ ወደ ውጭ በቶርክ መፍቻ አጥብቅ። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ ፈትሽ፤ የብየዳ ጠርዞቹንም አጽድተህ እያቸው። ስንጥቅ ሲጀምር በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ዳሩ ዝገት ይዞ ይታያል።