የእናቴን መድኃኒቶች የት ልጣላቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አቃቂ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። የእናቴ አርባ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ስኳርና ደም ግፊት ነበረባት። ሁለት ፌስታል ኪኒን፣ ሦስት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ያገለገሉ መርፌዎች፣ አሞክሳሲሊን የሚባለው ፀረ ጀርም መድኃኒትና ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ቀርቷል። ግማሹ ቀኑ አልፎበታል። ጎረቤቴ "ሽንት ቤት ድፊው" አለችኝ። ወንድሜ እናቃጥለው ይላል። የጉድጓድ ውሃ እንጠጣለን፣ ልጆችም አሉ። ምን ይሻላል?

ፋርማሲስት ነኝ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ሽንት ቤት እንዳትደፊው። እየሰረገ ወደ ጉድጓድ ውሃችሁ ሊደርስ ይችላል። አሞክሳሲሊን ውሃና አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጀርሞች ይላመዱታል፤ በኋላ ስንታመም አያድነንም። ማቃጠሉም አይሆንም። መድኃኒት ማቃጠያ ቢያንስ 850 ዲግሪ መጋል አለበት፤ የጓሮ እሳት እንደዚያ አይግልም፣ የማሸጊያው ፕላስቲክም መርዛማ ጭስ ያወጣል። ሁሉንም ከነማሸጊያው ይዘሽ ቅርብሽ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቂ። እኔ የምሠራበት ይቀበላል። ቀኑ ያላለፈውንም ቢሆን ለሰው እንዳትሰጪ። አንዳንዱ የስኳር ኪኒን ያልታዘዘለትን ሰው ራሱን እስኪያስት ስኳሩን ያወርደዋል።

የሰፈር ልጅ፦ ነፍስ ይማር። ጤና ጣቢያው ካልተቀበለሽ ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጪና ሳትፈጪው ከቡና አተላ ጋር ለውሺው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አሽገሽ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጪ። ለውሰሽ ከጣልሽው ልጅም ውሻም ብዙ አያምረውም። ከፓኮው ላይ የእናትሽን ስም ሰርዢ።

ቆሻሻ ሰብሳቢ ነበርኩ፦ መርፌውን አደራ! ጓደኛዬን ፌስታል ውስጥ የነበረ መርፌ እጁን ወግቶት ስንት ወር በጭንቀት ኖሯል። ወፍራም ጀሪካን ውስጥ ከተሽ ክዳኑን አጥብቂ፣ እሱንም ለጤና ጣቢያ ስጪ። ብልቃጡንም ለቆራሌው እንዳትሸጪ።

አትክልት አልሚ፦ ወንዝ ውስጥ የሚጥሉም አሉ። እባካችሁ ተዉ። እኛ በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ እናለማለን፤ ከተማው ይበላዋል። ከብቶቻችን ይጠጡታል። ውሃው አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ አዋሽ ይቀላቀላል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ዲክሎፌናክን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሕንድ ውስጥ በእሱ የታከሙ ከብቶችን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ በብዛት አለቁ። በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ሜዳ ላይ አትጣሉት።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ኪኒኑንም ኢንሱሊኑንም ተቀበሉኝ። መርፌውን ግን በፌስታል ስለሆነ አንነካም አሉ፣ ልክ ናቸው። ባዶ የዘይት ጀሪካን አግኝቻለሁ፤ ሰኞ እመለሳለሁ።