የዲኤክስ ሙቀት ጌጅ ከታች አልነሳ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ የድሮ ቶዮታ የምታውቁ መካኒኮች። ከአባቴ የተረከብኳት 4ኬ ሞተር ያላት ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ ብዙ ዓመት እንድትቆይልኝ እፈልጋለሁ። ከቃሊቲ ወደ ደብረ ዘይት ስነዳ የሙቀት ጌጁ ቀስት ከ«ሲ» (ከቀዝቃዛው ጫፍ) እምብዛም አይነሳም። ከተማ ውስጥ መንገድ ሲዘጋጋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፍጥነት ስጨምር ተመልሶ ይወርዳል።

ቁልፍ ከፍቼ የቡልቦውን (ሞተሩ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ ሴንሰር) ሽቦ ነቅዬ ለአፍታ ማሳ (የሞተሩን ብረት) ሳስነካው ቀስቱ እስከ «ኤች» (እስከ ሙቁ ጫፍ) ወጣ፤ ስለዚህ ጌጁና ሽቦው ደህና ይመስሉኛል። የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው። የገረመኝ ግን ጠዋት ሳስነሳት የላይኛው ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ) ወዲያው ከሞተሩ ጋር አብሮ መሞቅ ይጀምራል። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ቢዘጋ ኖሮ ማኒኮቶው ሞተሩ እስኪሞቅ ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ተጣብቋል ወይስ ከነጭራሹ ተነቅሏል? «አዲስ አበባ ላይ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

የቴርሞስታቱን ቤት ከመክፈቴ በፊት ቡልቦው ራሱ ደህና መሆኑን በምን ልለይ? አዲስ ቴርሞስታት ከገዛሁስ 82 ዲግሪው ይሻላል ወይስ 88? እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 88ቱ ያሰጋኛል። ያጋጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።