ሊኑክስ ላይ ጌም በደንብ ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች። ዊንዶውስን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ መግባት እፈልጋለሁ። የያዘኝ ጌም ብቻ ነው። ስቲም ላይ የገዛኋቸው ብዙ ጌሞች አሉኝ፣ እነሱን ማጣት አልፈልግም። የግራፊክስ ካርዴ ኤንቪዲያ ነው። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
ግባበት ወንድሜ! የስቲም ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮቶንን (የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ መሣሪያ) ካወጣ ወዲህ ነገሩ ሌላ ሆኗል። መሠረቱ ዋይን የሚባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ለዊንዶውስ የተጻፈ ጌም ዳይሬክትኤክስን (የዊንዶውስን የግራፊክስ ሥርዓት) ሲጠራ ፕሮቶን ትዕዛዙን ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን ይቀይርለታል፣ ለዚህም ነው ብዙ ጌም ላይ የፍጥነት ልዩነቱ ብዙም የማይታወቅህ። የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ ስቲም ዴክ ራሱ እኮ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን ኦንላይን የምትጫወት ከሆነ አንቲ-ቺቱን (አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚያግደውን ፕሮግራም) አስቀድመህ አጣራ። ቫሎራንት አይሠራም፣ ምክንያቱም አንቲ-ቺቱ ዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚገባ ድራይቨር ነው፣ ፕሮቶን ደግሞ እዚያ ድረስ አይደርስም። ፎርትናይትም አይሠራም። ኢዚ አንቲ-ቺት እና ባትልአይ የሚባሉት አንቲ-ቺቶች ሊኑክስን ይደግፋሉ፣ ሆኖም የጌሙ ባለቤት ካልፈቀደ ዋጋ የለውም። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል! ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ-ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ጌም ስም ፈልግ፣ ተጫዋቾች የሞከሩትን ይጽፋሉ።

መልስ 3፦
የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር መጫን እንዳትረሳ። ጌሞቹንም ከድሮው የዊንዶውስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለማስነሳት አትሞክር፣ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ላይ እንደ አዲስ አውርዳቸው።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ! ኦንላይን የምጫወተው አንድ ብቻ ነው፣ አሁኑኑ ላጣራው።