የማያቸው የሳልቫዶር እናት የእንክብካቤ ሰዓት ሊቆረጥ ነው! የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ

ሰብሊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው።

የምሠራው ሆም ኬር ነው፤ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄጄ እረዳለሁ። የምንከባከባቸው እናት የኤል ሳልቫዶር ሰው ናቸው፤ 81 ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ሰሞኑን አንዲት ነርስ ለግምገማ መጣች፤ አስተርጓሚ ግን አልነበራትም። እኔ ስደርስ የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸውን መሀል አስቀምጣ በሱ በኩል ትጠይቃለች። «አያትህ ሽንት ቤት ብቻቸውን ይሄዳሉ?» ስትለው ልጁ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ፊት ዳይፐር ያደርጋሉ ብሎ እንዴት ይናገር? «አዎ» አለ። ገላቸውንም ራሳቸው ይታጠባሉ አላት። እሳቸው ደግሞ ነርሷ ቀና ብላ ባየቻቸው ቁጥር ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዳ ማክበራቸው ነው።

አሁን ደብዳቤ መጣ፤ እሱም በእንግሊዝኛ። በቀን 8 የነበረው ሰዓት ወደ 3 ይወርዳል ይላል። ገላቸውን ሳጥባቸው የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። በቀደም ቶርቲያ የሚጋግሩበትን ምጣድ ጥደው ረስተውት፣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ ነው የደረስኩት። ልጃቸው ሆቴል ጽዳት ትሠራለች፤ ቀን ስልክ ማንሣት አይፈቀድላትም። ኤጀንሲው «እኛን አይመለከትም» አለኝ። ምን ይደረግ?

የአዳምስ ሞርጋኗ፦
እህቴ አይዞሽ። ግን ዋናውን አልነገርሽንም። ዲሲ ነው? ሜሪላንድ? ቨርጂኒያ? ከፋዩ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ነው ወይስ ሌላ? ደብዳቤው ላይ ሁለት ቀን ይኖራል፦ የተጻፈበትና ቅነሳው የሚጀምርበት። እነሱን ንገሪን። የሴትዮዋን ስምም ሆነ የደብዳቤውን ፎቶ እዚህ እንዳታወጪ።

ሰብሊ፦
ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ። ሜዲኬይድ ነው። ቅነሳው የሚጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው።

ጠበቆች ቢሮ የምሠራ፦
ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየቀኑ አያለሁ። ሜዲኬይድ አገልግሎት ሲቀንስ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የፌዴራል ደንብ ነው። ደብዳቤው ውስጥ «ፌር ሂሪንግ» (ይግባኝ የሚሰማበት ችሎት) የሚለውን ክፍል ፈልጊ። ይግባኙ ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከተጠየቀ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ 8ቱ ሰዓት እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ ቀን በኋላም መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው እስከ 90 ቀን ነው። ግን ሰዓቱ ተቆርጦ ነው የሚጠበቀው። ብዙ ሰው 90 ቀን የሚለውን አይቶ ተዝናንቶ ይቀመጣል። የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከዓርብ በፊት! ሲጠየቅም «አገልግሎቱ ባለበት ይቀጥል» የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት።

ለልጃቸው አንድ ነገር ንገሪያት። ይግባኙ ካልተሳካ በመሀል የተከፈለውን መልሱ ሊባሉ ይችላሉ። አውቀው ይግቡበት። ደብዳቤው የመጣው ከኢንሹራንስ ፕላን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይግባኝ የሚባለው ለፕላኑ ነው፤ ለዚህ 60 ቀን አለ። እዚያም ቢሆን ሰዓቱ እንዲቀጥል ቶሎ መቅደም ያስፈልጋል።

ደግሞ ፈራሚዋ አንቺ አይደለሽም። ራሳቸው ወይም ወኪል ያደረጓት ልጃቸው ናት። አንቺ ከዚያ ሰዓት ደመወዝ ስለምታገኚ ወኪልም አስተርጓሚም ብትሆኚ «ለጥቅሟ ነው» ይባላል። ምስክር ሁኚ። ያየሽውን የሚተካ ወረቀት የለም።

ሀቁን ተናጋሪ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የኛ እናቶች ስንቱን ችግር ይዘው ቤት ተዘግቶባቸው ተቀምጠው እኛ ስለ ሳልቫዶር እናት እንጨነቅ? ላቲኖዎች ድርጅት አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው፣ ቴሌቪዥን አላቸው። ደግሞስ በ2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ተብሏል እኮ። አስተርጓሚ ማለት ድሮ ቀረ።

ሰብሊ፦
ወንድሜ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ገላቸውን አያጥብላቸውም። ጠዋት ስገባ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ሥራ የማያስጀምሩኝ ሰው ናቸው። የምጠይቀው ስለሳቸው ነው።

ይግባኝ ባይ፦
ይግባኝ ይበሉ። ከዓርብ በፊት። አለቀ።

ጠበቆች ቢሮ የምሠራ፦
@ሀቁን ተናጋሪ፣ ይህ ወሬ ሰውን እየጎዳ ስለሆነ ላስተካክለው። በማርች 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የሰረዘው በ2000 ክሊንተን የፈረሙትን ትእዛዝ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን በምክር ቤት የወጣ ሕግ ነው፤ በትእዛዝ አይሻርም። ታይትል 6 የሚባለው ክፍሉ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንም ሰውን በመጣበት አገር እንዳያገልል ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተማሪዎችን ጉዳይ ሲወስን፣ በማያውቁት ቋንቋ ብቻ ማስተናገድ ይህን ሕግ ይጥሳል ብሏል። ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድን ሕግ ክፍል 1557ም አለ። ሕክምና ላይ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ መቅረብ አለበት። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ለድንገተኛ አደጋ ካልሆነ ክልክል ነው።

ስለዚህ ሰብሊ፣ ይግባኙ ላይ «ግምገማው በ11 ዓመት ልጅ አማካይነት ተካሄደ» የሚለው ከላይ ይጻፍ። ከዚያ «ብቁ የስፓኒሽ አስተርጓሚ ባለበት እንደገና ይገምገሙ» ተብሎ ይጠየቅ።

ጋሽ ባለታክሲ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኔ ያኔ ማውንት ፕሌዘንት አካባቢ ታክሲ እነዳ ነበር። በሜይ 1991 አንድ ፖሊስ አንድ የሳልቫዶር ሰው ተኩሶ አቆሰለ። ሰፈሩ ተናወጠ። መኪና ነደደ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ያን ሁሉ ቁጣ ያመጣው አንድ ጥይት ብቻ አልነበረም። ክሊኒክ ስትሄድ፣ ፖሊስ ስትጠራ፣ ቢሮ ስትገባ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው አይገኝም ነበር። በ1993 የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ስለዚያ ሰፈር ሪፖርት አውጥቶ ላቲኖዎች የከተማውን አገልግሎት በወጉ እንደማያገኙ ጽፏል።

እነዚያ ሰዎች ከ1980 እስከ 1992 ከነደደው የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ናቸው። የዚህን ከተማ ቢሮ ሌሊት ያጸዱ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን ያጠቡ፣ ሕንጻውን የሠሩ። ዛሬ አረጁ። ብዙዎቹ በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላቸው ስለሠሩ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያስፈልገው 40 ክሬዲት አልሞላላቸውም። ያ ማለት አሥር ዓመት ያህል በወረቀት የተመዘገበ ሥራ ነው። ወገባቸው እስኪጎብጥ ሠርተው ወረቀት ላይ ግን የሉም። እኛስ ፓርኪንግና ነዳጅ ማደያ የሠራን የተለየን ነን? ስለዚህ «የኛ» «የነሱ» የምትሉትን ተዉት።

የአዳምስ ሞርጋኗ፦
ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ በ2004 ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ቋንቋዎች ውስጥ ስፓኒሽና አማርኛ አብረው አሉ። ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ፣ ኮሪያኛና ፈረንሳይኛም አሉ። አቤቱታ የሚቀርበው ለዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው። የዚህች እናት አቤቱታ ተመርምሮ አንድ መሥሪያ ቤት አሠራሩን ካስተካከለ፣ ነገ እናቴን ሊገመግም የሚመጣውም አስተርጓሚ ይዞ ይመጣል። @ሀቁን ተናጋሪ፣ የኛም ጉዳይ ነው የምልህ ለዚህ ነው።

አቤቱታው ግን ሰዓቱን አያስቀጥልም። ሰዓቱን የሚያስቀጥለው ይግባኙ ነው። ሁለቱም ይሂዱ፤ ይግባኙ ይቅደም።

የአማቼ ሹፌር፦
የኔ አማች ዲሲ ውስጥ ቪዳ የሚባለው የአረጋውያን ማዕከል ይሄዳሉ። በ1969 በላቲኖዎች የተቋቋመ ነው፤ ድሮ ሌላ ስም ነበረው። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ እምቢ ያላቸው ሴትዮ ዶሚኖ ሲጫወቱ ስፓኒሽ ለመዱ። አሁን ስወስዳቸው «ባሞስ! ባሞስ!» (እንሂድ! እንሂድ!) እያሉ ያጣድፉኛል 😂

ቀልዱን ትቼ፦ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው። ልጃቸው ደብዳቤውን ይዛ ብትሄድ ምን እንደሚል በቋንቋዋ ያስረዷታል። ለይግባኙ ደግሞ ሊጋል ካውንስል ፎር ዘ ኤልደርሊ ወደሚባለው የአረጋውያን ጠበቆች ድርጅት ትደውል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ የዲሲ ነዋሪዎች በነፃ ይቆማሉ። የጤና እንባ ጠባቂ ቢሮም አለ፤ እሱም ነፃ ነው።

ሰብሊ፦
ተባረክ! ልጃቸው ማታ ደወለችልኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ልትደውል ነው። እንግሊዝኛዋ ግን ደካማ ነው። ስልኩን ማን ያናግርላት?

የአዳምስ ሞርጋኗ፦
ስልኩ እንደተነሣ «ስፓኒሽ» ትበልና ሳትዘጋ ትጠብቅ። በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟታል። ይግባኙን በቃልም መጠየቅ ይቻላል። ግን የደወለችበትን ቀንና ሰዓት፣ ያናገራትን ሰው ስም ትጻፍ። ከዚያ በጽሑፍም ትላክና ኮፒውን ታስቀር።

ይግባኝ ባይ፦
ከላይ ብዬ ነበር እኮ። ይግባኝ!

ነርስ ነኝ፦
እኔ እንዲህ ያለውን ግምገማ ሠርቼ ስለማውቅ ልናገር። ሰዓት የሚወሰነው ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣትና መብላት ላይ በሚሰጠው ነጥብ ነው። «ደህና ናቸው» የምትል አንዲት ቃል ነጥብ ትቀንሳለች። ቤተሰብ ደግሞ እናቱን ማሳጣት ስለማይፈልግ መልካሙን ቀን ይናገራል። መነገር ያለበት የከፋው ቀን ነው። ሌሊት ስንቴ ይነሣሉ? ወድቀው ያውቃሉ? የገንዳውን ጠርዝ ለቀው መቆም ይችላሉ? የምጣዱ ነገር ይነገር፤ ትልቅ ነገር ነው።

ከችሎቱ በፊት የግምገማውን ቅጽ ኮፒ ይጠይቁ። ፋይላቸውን የማየት መብት አላቸው። እያንዳንዱን መስመር አንቺ ቀን በቀን ካየሽው ጋር አስተያዪው። ኤጀንሲው በሚሰጥሽ የሥራ መዝገብ ላይ የረዳሽውን በትክክል ሙዪ። «እንደተለመደው» ብለሽ አትለፊ። «ሁለት እጅ ይዤ አስነሣኋቸው» በይ።

ከሐኪማቸውም ደብዳቤ ያስፈልጋል። «እርዳታ ያስፈልጋቸዋል» ብቻ የሚል ወረቀት አይረዳም። የቱ ሥራ ላይ፣ ለምን፣ ምን ያህል ጊዜ፣ እርዳታው ቢቀር ምን እንደሚደርስባቸው ይጻፍ።

ምጣድ መርሳታቸውንም ቀላል አታድርጊው። በአሜሪካ የሂስፓኒክ አረጋውያን በአልዛይመር የመያዝ ዕድል ከነጮቹ አረጋውያን ጋር ሲነጻጸር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የማስታወስ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ግን በስፓኒሽ! በማያውቁት ቋንቋ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብለው ዝም ቢሉ ምን ያሳያል?

ሀቁን ተናጋሪ፦
እሺ፣ የሕጉን ነገር ተቀብያለሁ። ግን አንድ ደብዳቤ ቢስተካከል ነገ ሌላ ነርስ ሌላ ልጅ አስቀምጣ ትጠይቃለች። ይህን ማን ያስቆመዋል?

ጋሽ ባለታክሲ፦
አሁን ጥሩ ጠየቅህ። የዲሲ ምክር ቤት በየዓመቱ ክረምት ላይ፣ በፈረንጆቹ ጥር መጨረሻና የካቲት አካባቢ፣ እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ያስጠይቃል። ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። በጽሑፍም ይቀበላሉ። ሆም ኬር የምትሠሩ ልጆች የምታዩትን እዚያ ብትናገሩ ከኛ ፌስቡክ ላይ ከምንጮኸው ይሻላል። ልጃቸውም አብራ ብትቀርብ፣ በስፓኒሽ።

የአዳምስ ሞርጋኗ፦
ሰብሊ፣ ዓርብ አለፈ። ሰዓቱ ቀጠለ? አሳውቂን እንጂ።

የአርሊንግተን ልጅ፦
ሰላም። እኔም የማያቸው አባት የቦሊቪያ ሰው ናቸው። ትናንት ተመሳሳይ ደብዳቤ መጣ። የዲሲው ሕግ ለኔ ይሠራል?

ጠበቆች ቢሮ የምሠራ፦
የዲሲው ሕግ ወንዙን አይሻገርም። ታይትል 6 እና ክፍል 1557 ግን ቨርጂኒያም ይሠራሉ። ከቀኑ በፊት ይግባኝ ካሉ አገልግሎቱ የሚቀጥልበት ደንብም የፌዴራል ነው። በ1-800-677-1116 ወደ ኤልደርኬር ሎኬተር ይደወል፤ ለሰፈራቸው ቅርብ የሆነውን የአረጋውያን ቢሮ ይነግሯችኋል። በስፓኒሽም ያናግራሉ። ቅነሳው መቼ ነው የሚጀምረው? ደብዳቤው ከፕላኑ ነው ወይስ ከስቴቱ?