ኔፓል በ15 ቀን፦ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ጠያቂ፦ ናቲ
ሰላም ቤተሰብ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ኔፓል ልንሄድ እያሰብን ነው። ዕቅዳችን ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም ተራራው ሥር ያለው የወጪዎች ሰፈር፣ ድረስ በእግር መሄድ ነው። ያለን ፈቃድ በረራውን ጨምሮ 15 ቀን ብቻ ነው። ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ስለሆንን ከፍታው ብዙ የሚያስቸግረን አይመስለኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እንጦጦ እንወጣለን። ጥያቄዎቼ፦ ቀኑ ይበቃል? ቪዛ ካትማንዱ ኤርፖርት ላይ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ጋይድ መያዝ ግዴታ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች፣ እዚያ ተራራ ላይ የጾም ምግብ ይገኛል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች።

ማሂ
ከቪዛው ልጀምር፣ እሱ ካላለቀ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ኤርፖርት ላይ ይሰጣል የሚባለው ለብዙ አገር ዜጎች እውነት ነው፣ ለእኛ ግን አይሠራም። ኔፓል ቪዛ ሲደርሱ አልሰጥም ብላ የዘረዘረቻቸው ጥቂት አገሮች አሉ፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ስለዚህ አስቀድመህ ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት አለብህ። የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያየው የትኛው ኤምባሲ እንደሆነ የኔፓልን ኢሚግሬሽን በኢሜይል ጠይቅና መልሱን አትመህ ያዝ። እስከዚያ ቲኬት እንዳትቆርጥ! ዩቲዩብ ላይ «30 ዶላር ከፍዬ ገባሁ» የሚልህ ሰው የያዘው ሌላ ፓስፖርት ነው።
በዴልሂ በኩል የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቲኬቱ አንድ ላይ የተቆረጠ ይሁን። ለየብቻ ከቆረጥከው ሻንጣህን ለመቀበል ከትራንዚት መውጣት አለብህ፣ ለዚያ የህንድ ቪዛ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዳትረሱ። ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው ይጠየቃል።

ባለ ምርኩዙ
ናቲ ወንድሜ፣ በ15 ቀን ኤቨረስት ቤዝ ካምፕን ተወው። አቅሙ ይኖርሃል፣ ቀኑ ግን የለህም። መንገዱ የሚጀምረው ሉክላ ነው፣ 2,860 ሜትር አካባቢ። ከዚያ ናምቼ 3,440፣ ቴንግቦቼ 3,860፣ ዲንግቦቼ 4,410፣ ሎቡቼ 4,940፣ ጎራክ ሼፕ 5,160፣ ቤዝ ካምፑ 5,364። ናምቼና ዲንግቦቼ ላይ አንድ አንድ ቀን ማረፍ አለብህ። ደርሶ ለመመለስ 12 ቀን ግድም ይፈጃል፣ ያውም ሁሉ ነገር ከተሳካ።
ችግሩ ሉክላ ላይ ነው የሚመጣው። ማረፊያው ከ530 ሜትር ያነሰና ዳገታማ ነው፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው የሚያርፉበት፣ ደመና ከመጣ በረራ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ቁጭ ልትል ትችላለህ። በዚያ ላይ ጥቅምት ላይ ሰው ስለሚበዛ አብዛኛው በረራ ከካትማንዱ ሳይሆን ከራሜቻፕ ነው የሚነሳው፣ ያ ማለት ሌሊት ተነስተህ አራት አምስት ሰዓት በመኪና መጓዝ ነው። የመመለሻ ቲኬትህ አንድ ቀን እንኳ ትርፍ ከሌለው ተራራውን ሳይሆን ሰማዩን ስታይ ነው የምትከርመው።

ኪሩ ኤክስ
ባለ ምርኩዙ አታካብድ። ቤዝ ካምፕ ደርሶ በሄሊኮፕተር መመለስ ይቻላል፣ ሦስት ቀን ይቆጥባል።

ባለ ምርኩዙ
@ኪሩ ይቻላል፣ ገንዘብ ካለው። ግን ሄሊኮፕተሩ የሚቆጥበው የመውረጃውን ቀን ነው። ሰው የሚታመመው ሲወጣ ነው፣ የመውጫውን ቀን ደግሞ ማንም አያሳጥርልህም።

ነርሷ
የአዲስ አበባ ልጅነት ጉዳይ ላይ ልግባ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥቅም አለው፣ እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ከሌላው ሰው ይቀልላችኋል። ግን ካትማንዱ 1,400 ሜትር ናት፣ ቤታችሁ ከምትተኙበት ዝቅ ትላለች፣ እዚያ ለቀናት ከቆያችሁ ያ ጥቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ከ3,000 በላይ ደግሞ እናንተም እንደ ሌላው ሰው መጠንቀቅ አለባችሁ። እንጦጦ ወጥቶ በዚያው ቀን ቤት ገብቶ መተኛት ሌላ፣ 4,900 ላይ ማደር ሌላ። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም፣ እንዲያውም ጠንካራ ነኝ የሚለው ቶሎ ስለሚወጣ ነው የሚያመው።
ሕጉ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፍት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ እዚያው ቆሙ። ካልተሻለ ውረዱ። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው «እስኪነጋ እንጠብቅ» የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል። ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን ለመከላከያ ብዙ ሰው ይወስዳል፣ በተለይ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም አናግሩ። ኢንሹራንሳችሁም በሄሊኮፕተር ማውጣትን ስንት ሜትር ድረስ እንደሚሸፍን አንብቡ፣ አንዳንዱ 3,000 ላይ ያበቃል።

ጠያቂ፦ ናቲ
እሺ፣ ገባኝ። ታዲያ በ15 ቀን የሚያምር ነገር የለም ማለት ነው? እዚያ ድረስ ሄደን ካትማንዱ ላይ ሻይ ጠጥተን አንመለስ 😅

ማሂ
አናፑርና ቤዝ ካምፕ! 4,130 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ያንሳል፣ ግን ቆመህ ዙሪያህን ስታይ ሁሉም ግድግዳ በረዶ ነው። መነሻው ፖክሃራ የምትባል ከተማ ናት፣ የሉክላ ጣጣ የለበትም። ሰባት ስምንት ቀን ብትይዝለት ደህና ትሄዳለህ፣ ትርፍ ቀንም ይኖርሃል። ካትማንዱ–ፖክሃራ 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አውቶቡሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ መንገዱ መከራ ነው። በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ነርሷ
በማሂ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙ ሰው መንገዱ ላይ ካለው ዴውራሊ ከሚባል ማደሪያ (3,230 ሜትር) ተነስቶ በአንድ ቀን ቤዝ ካምፑ ገብቶ ያድራል። 900 ሜትር ነው፣ በዛ። መሃል ላይ 3,700 አካባቢ ማቻፑቻሬ ቤዝ ካምፕ አለ፣ እዚያ እደሩ። በማግሥቱ ማለዳ ወጥታችሁ አይታችሁ መውረድ ትችላላችሁ።

የጋራው ልጅ
ጋይድን በተመለከተ፦ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ያለው ጋይድ ሳይዝ እንዳይሄድ የኔፓል ቱሪዝም ቦርድ ደንብ አውጥቷል፣ አናፑርናም ውስጡ ነው። (የኤቨረስት አካባቢ አስተዳደር ደንቡን አልቀበልም ብሎ ነበር፣ ለዚህ ነው ወሬው የተለያየው።) ሳይዙ የሚሄዱ አሉ፣ ቁጥጥሩ እንደ ቦታው ነው፣ ግን ኬላ ላይ ከመጨቃጨቅ መያዙ ይሻላል። የአናፑርና መግቢያ ለውጭ ሰው 3,000 የኔፓል ሩፒ ነው። ጥሬ ሩፒ ከፖክሃራ ያዙ፣ ላይ ኤቲኤም የለም።
የመንገዱን ነገር ማንም አልነገረህም። ደረጃ ነው! ቾምሮንግ ከሚባለው መንደር በድንጋይ ደረጃ እስከ ወንዙ ድረስ ትወርዳለህ፣ ተንጠልጣይ ድልድይ ትሻገራለህ፣ ከዚያ እንደገና እስከ ሲኑዋ ትወጣለህ። ስትመለስ ያ የወረድከው ሁሉ ዳገት ሆኖ ይጠብቅሃል፣ የሚያልቀውም ጉልበት ነው። ስለዚህ ሁለት ዱላ ያዙ፣ ልምምዳችሁም መውረድ ላይ ይሁን። የተጫኑ በቅሎዎች ሲመጡ ደግሞ በተራራው በኩል ተጠግታችሁ ቁሙ፣ በገደሉ በኩል በፍጹም። ጭነቱ ሰፊ ነው፣ ገፍቶ ይጥላል፣ በቅሎዋም ይቅርታ አትጠይቅም።

ሶስና
ለጓደኛህ፦ ዳል ባት ትብላ። ሩዝ፣ ምስር፣ የአትክልት ወጥ፣ አንዳንዴ ጥብስ ድንች፣ ሲያልቅ ይጨምሩላታል። አንዳንድ ቤት ምስሩ ላይ ቅቤ ያፈሳሉ፣ እነሱ «ጊ» ይሉታል፣ «ኖ ጊ» ብላ አስቀድማ ትንገራቸው። እርጎም ከጎን ካመጡ ትመልስ። ከቾምሮንግ አለፍ ሲል አካባቢው ቅዱስ ነው ተብሎ ሥጋ አይወጣበትም፣ ስለዚህ አንተም ሳታስበው ትጾማለህ። የውሃ ማከሚያ ኪኒን ያዙ።

ጠያቂ፦ ናቲ
አመሰግናለሁ፣ አናፑርና ይሁን። የአየሩስ ነገር? ጥቅምት ጥሩ ነው አይደል?

ባለ ምርኩዙ
ከሁሉ ጥሩው ወር ነው፣ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ይጠራል፣ ግን አትመን። በኦክቶበር 2014 ከህንድ በኩል የመጣ ማዕበል ቶሮንግ ላ በሚባለው የአናፑርና ዙሪያ ከፍተኛ ማለፊያ አካባቢ በረዶ አውርዶ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል፣ ያውም በዋናው ወቅት። ጋይዱ «ዛሬ አንሄድም» ካለ አትሂዱ። ከዴውራሊ በላይ በረዶ የሚናድበት ቦታ አለ፣ በጠዋት ነው የሚታለፈው፣ ቁርስ አታስረዝሙ። ደግሞ ዳሻይን የሚባለው የኔፓል ትልቁ የሂንዱ በዓል ኦክቶበር አካባቢ ይውላል፣ ያኔ ቢሮ ይዘጋል፣ አውቶቡስ ይሞላል። የዘንድሮው ቀን መቼ እንደሚውል አይታችሁ ቲኬት ቁረጡ።