ቡችላዬ በረኪና ጠጣብኝ፣ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የ7 ወር ቡችላዬ ከግማሽ ሰዓት በፊት በረኪና ጠጣብኝ። ልብስ የዘፈዘፍኩበት ሳይሆን ያልተበረዘው ነው። በሃይላንድ ቀድቼ መታጠቢያ ቤት አስቀምጬው ነበር፣ ክዳኑን አኝኮ ከፍቶት ደረስኩበት። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ብዙ ስለሆነ ብዙም የዋጠ አይመስለኝም፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉን በእግሩ ያሻሻል፣ አንዴም አስመልሶታል። አፉንና እግሩን በንጹህ ውሃ አጠብኩት፣ ትንሽ ውሃም ጠጣልኝ።

ጎረቤቶቼ ጨው በጥብጠሽ አጠጪውና ያስመልሰው እያሉኝ ነው። እምቢ አልኩ። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ጨው ሲበዛም ራሱ ለውሻ መርዝ ነው። ወተትስ? ትንሽ ብሰጠው ይጎዳዋል?

የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ስልክ አያነሳም። ያለሁት ሳሪስ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሆኗል። አሁን ክፍት የሆነ ክሊኒክ ወይም ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማታ ይቀበላል? ከተቀበለ አሁኑኑ ታክሲ ይዤ እወጣለሁ። መተንፈስ እንዳያቅተው በጣም ፈርቻለሁ፣ እቅፌ ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ ያየኛል።